አሸዋውን እኔ እወስዳለሁ

ሃሪኬኑ የቴክሳስን የባህር ዳርቻ ጠራርጎ ሲወስድ እኔ ፎርት ዎርዝ ውስጥ በገልባጭ መኪና የመንገድ ጠጠር አመላልስ ነበር። መንግሥት ለአደጋው የመደበው ገንዘብ እስኪለቀቅ ብዙ ተጠበቀ። ሲለቀቅ አሸዋ የማድረሱን ሥራ የኛ ድርጅት አገኘና ወደዚያ ተላክሁ። የመጀመሪያ ቀን ሳየው ክው አልኩ። ዳርቻ የሚባል ነገር የለም፤ ውሃው አስፋልቱ ጥግ ደርሷል። ይሄ ቦታ ሞልቶ ሳላይማ አልቀርም አልኩ። እልኸኛ ነኝ።

ሰኞ እየወረድን ቅዳሜ ወደ ቤታችን እየተመለስን ለወራት አሸዋ ስናመላልስ ከረምን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አለቃችን ፎርት ዎርዝ፣ መኪኖቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ለቀረው ሥራ የሚበቁት ጥቂት መኪኖች ብቻ ናቸው። አንዳንዱን መርጦ ወደ እኔ ዞረና "አንቺስ መጨረስ ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን "ግድ የለም፣ ሌሎቹ ይሂዱ" አለ። እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነዋ! ሰው ሲሰጥሽ ወዲያው እጅሽን አትዘርጊ፣ ደግሞ እስኪጠይቅሽ ቆይ ብላ። ቆየሁ። ሰውዬው "ኦኬ" ብሎ ወደሚቀጥለው ሾፌር ሄደ።

ከተመረጡት አንዱ የሆኑ የአገሬ ሰው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ኖ አልሽው እንዴ?"

"እንዲለምነኝ ነዋ ጋሼ!"

"ይሄ ሰውዬ? ሶ፣ እስኪለምንሽ እዚህ ልታረጂ ነው? ቦታው ሳይያዝ ሂጂ ንገሪው እንጂ!"

ንድድ አልኩ፤ በሰውዬውም፣ በራሴም፣ በይሉኝታዬም። ሾፌሩ ሁሉ እየሰማ "እፈልጋለሁ!" አልኩት። "ቅድም እምቢ ያልኩህ ለወጉ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሁለቴ ይጠየቃል።"

ግራ ገብቶት አየኝና ሳቀ። "ሶ፣ ትሄጃለሽ..."

"እሄዳለሁ!" አልኩ፣ ሳይጨርስ።

የመጨረሻውን ጭነት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ዶዘሩ ደልድሎት ሲጨርስ ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ማዕበሉ እዚያ ማዶ መጥቶ መጥቶ ይመለሳል፣ እኔ ጋ አይደርስም። ከዚያ እልልታዬን አቀለጥኩት። አለቃዬ ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ፤ ጋሼ "ሺ ኢዝ ሃፒ፣ ዶንት ዎሪ" ብለው አረጋጉት።

እኔ ግን ማንም ሳይለምነኝ ደገምኩት።