እትዬ አስቴርን ዛሬ «ዶክተር» ላላችኋት

አላመንኩም።

ጠዋት ሚዛን ከተማ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስከፍት ፎቶዋን ከሻማ ጋር አየሁት። ሰው ተሳስቶ ነው ብዬ ወደ ራሷ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው እህቷ ናት። «አረፈች» አለችኝና ዘጋችው። ባለ ባጃጁ «ወንድሜ፣ ደርሰናል እኮ» ሲለኝ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ነበር።

ለማታውቋት፦ እትዬ አስቴር የሸኮ ልጅ ናት። በእንስሳት ጤና ዲፕሎማ ነበራት። ሸኮ ገበያው አጠገብ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ቡና የሚጭኑ በቅሎዎችን ስታክም ኖረች። ባለ በቅሎው መጥቶ ታሪክ ማብዛት ሲጀምር «ወሬውን ተወውና ጭነቱን አውርድ!» ትለዋለች። ቁስሉ ያለው ከጭነቱ ሥር ነዋ።

ሻማውን የለጠፈው የቀድሞ አለቃዬ ነው። «ዶክተር አስቴር የጥናታችን የጀርባ አጥንት ነበረች» ይላል። ከሥሩ መቶ ሰው «ነፍስ ይማር ዶክተር» ብሏል። በቁሟ አንድ ቀን እንኳ ዶክተር ብሏት አያውቅም። «ያቺ የሸኮዋ ሴትዮ» ነበር የሚላት።

ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና እሱ ብዙ ሳይቆይ በተዘጋ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ እንሠራ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የፈረስ፣ የበቅሎና የአህያ ሐኪሞች ጉባኤ ሊደረግ ነው፣ ጥናት ያለው ያቅርብ ተባለ። እኛ ጥናት የለንም። እትዬ አስቴር ግን ደብተር ነበራት። የየበቅሎውን ቁስል፣ መቼ እንደዳነ፣ ምን እንዳደረገችለት በእጇ ጽፋለች። ሁለት ጆንያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ሞልታ ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ታስራለች፤ መሀሉ ክፍት ይሆናል፤ ጭነቱ አጥንቱን አይነካም። ቁስሉ ይደርቃል። ይኸው ነው። ደብተሩን ስንለምናት «ውሰዱ፣ ግን መልሱ» ብላ ሰጠችን።

ወረቀቱን ስጽፍ ስሟን አስገባሁ። አለቃዬ አየና ሳቀ። «ዲፕሎማ ብቻ ያለው ሰው ስም ወረቀቱን ያቀለዋል። ምስጋናው ላይ ትገባለች» አለ። የቃሉ ብዛት ከተፈቀደው ሲያልፍብን ደግሞ ምስጋናውን ቆረጥነው። ስለ ሌላው ብቻ እንዳላወራ፦ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «ላክ» የሚለውንም የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሙያ መስሎኝ።

ተቀባይነት አገኘን። ሆቴል አረፍን፣ የጉባኤው ስም ያለበት ቦርሳ አንጠለጠልን፣ በቅሎ ነክተው ከማያውቁ ሰዎች ጋር ስለ በቅሎ ተጨባበጥን።

ስመለስ ደብተሯን ልሰጣት ሸኮ ሄድኩ። «ጉባኤው ያሳተመውን መጽሔት አሳየኝ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው። ስሟን ስትፈልግ ዓይኗን አየሁት። ከዚያ «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» ብላ ብቻ ማንበቧን ቀጠለች። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ድንገት ቀና አለች። «ይሄ ምንድነው? ጀርባ አጥንቱ ላይ ይነጠፍ ብላችሁ ጽፋችኋል?»

ተሳስተን ነበር። መሀሉ ክፍት መሆን እንዳለበት ዘልለነዋል።

«ይሄን አንብቦ የሚሠራ ሰው በቅሎውን ይገድላል! ስሜን ተወው። እሱን አስተካክል።»

እሺ አልኩ፤ አላደረግኩትም። ስህተት አለ ብሎ መጻፍ ያዋርደናላ። በሳምንቱ ከሸኮ ሚኒባስ ተሳፍራ ሚዛን ቢሮዬ መጣች። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ጻፍ» አለችኝ። ጻፍኩ። የጉባኤው አዘጋጆች «መጽሔቱ ታትሟል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ራሷ ታቅርብ» ብለው መለሱ።

ማመልከቻዋን አብረን ሞላን። ቅጹ ላይ «የትምህርት ደረጃ» የሚለው ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። «ምን ትፈራለህ? ዲፕሎማ በል» አለችኝ።

ተቀበሏት። በጉባኤው ሰሞን ግን ቱም ከተማ አካባቢ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ ገብቶ በቅሎዎች መውደቅ ጀመሩ። ወደ ጉባኤው እንድትሄድ ለመንኳት። «በቅሎ የሌለበት የበቅሎ ስብሰባ ምን ያደርግልኛል? አንተ አንብበው» ብላ መድኃኒቷን ይዛ ቱም ወረደች።

አነበብኩት፤ የጻፈችው አስቴር ናት ብዬ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ተነስተው «ዝናብ ሲመታው ቅጠሉ አይበሰብስም?» አሉኝ። አላውቅም። መድረኩ ላይ ቆሜ ደወልኩላትና ስልኩን ወደ ማይኩ አስጠጋሁት።

«ይበሰብሳል እንጂ!» አለች። «አውጥተህ አዲስ ትሞላለህ። ቅጠል ጠፋ እንዴ? ቆይ፣ ይሄን ሳታውቅ ነው እዚያ የወጣኸው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሽማግሌው ቆመው አጨበጨቡ። አለቃዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጽሔት ያገላብጥ ነበር።

እና ዛሬ፣ ሻማውን ከለጠፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ይኸው ሰው ደወለልኝ። ያለቀስኩ መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ እግዜር ያጽናን» አለ። ቀጠለና «ደብተሮቿ ማን ጋ ናቸው? የዘንድሮው ጉባኤ የጥናት ማስገቢያ ጊዜ ሊዘጋ ነው እኮ። በመታሰቢያነት እናቀርባቸዋለን» አለ።

ገና አልተቀበረችም! ሬሳዋ ቤት ነው!

ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ይሄን የምታነቡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አላችሁ። ማንም ተነስቶ «በመታሰቢያነት» ቢላችሁ ግን እወቁት፦ ደብተሮቹ የቤተሰቧ ናቸው።

እትዬ አስቴር፣ ከሰዓት ሸኮ እደርሳለሁ። ያንን ሁሉ ጊዜ አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ያዘዝሽኝን ሁሉ ጽፌ፣ ስምሽን ስለቆረጥኩት አንድ ቀን ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም። የረሳሽው አስመስለሽ አለፍሽኝ፤ እኔም ተመቸኝ። ዛሬ እህትሽ ፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እናገረዋለሁ። ጌታ ያሳርፍሽ። ደህና ሁኚልኝ።