ባለ ሁለት ቃል ስም

ጋምቤላ ከተማ መሃል ባለች አንዲት የስፌት ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር የማስተምረውም፣ የተበላሸ ፕሪንተር የምጠግነውም፣ የምስክር ወረቀት የማትመውም እኔው ነኝ። ደጋ ስላደግሁ ሙቀቱን እስካሁን አልለመድኩትም፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲያናግረኝ እንኳ እነጫነጫለሁ። ወረቀቱን አንድ በአንድ መሙላት ስለታከተኝ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሞላው የሚያዝ ትንሽ ፕሮግራም፣ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት የስክሪፕቱን ስም ትጽፍና የሠልጣኟን፣ የአባቷንና የአያቷን ስም ክፍት ቦታ እየተውክ ታስከትላለህ። እሱ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር አዲስ ቃል መጣልኝ ይላል፤ አንደኛውን ለራሷ፣ ሁለተኛውን ለአባቷ፣ ሦስተኛውን ለአያቷ ሰጥቶ ወረቀቱን ያወጣል። ኮርቼበት ነበር።

ለምረቃው ሁለት ቀን ሲቀር ሠልጣኞቹን እየጠራሁ ስማቸውን ጠየቅኋቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት አንዲት የኑዌር እናት ነበሩ። የነገሩኝን እንዳለ ጽፌ አተምኩና ሰጠኋቸው። ማንበብ የተማሩት ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ነው፤ ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ ቆዩና የአባት ስም ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

«ይሄ አባቴ አይደለም» አሉ። «ይሄ ልጄ ነው።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እንዲህ ነው። ነገሩን ያስረዳችኝ አጠገቤ የነበረች የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ናት። በኑዌሮች ዘንድ የወለደች ሴት «የእገሌ እናት» ተብላ ነው የምትጠራው፤ ስሙ በቋንቋቸው ሁለት ቃል ነው፣ ሁለተኛው የልጁ ስም። የእኔ ስክሪፕት እናትና ልጅን ለያይቶ ልጁን አባት አድርጎታል፤ አያትየውም ቦታ አጥተው ቀርተዋል።

ልስቅ ስል ሴትየዋ ቀጠሉ። ልጃቸው ዲማ የሚባል ወረዳ ወርቅ ሊቆፍር ሄዶ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ቁስላቸውን ላለመንካት በልጅነት ስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኛ ደግሞ መታወቂያቸው ላይ ባለው።

«ሰው ፈራ» አሉኝ። «ስሙን ማንም አይጠራም። እኔ መስማት እፈልጋለሁ።»

አንጀቴን በሉት። እናትና ልጅን ባንድ ላይ ማሰር ቀላል ነበር፤ ሁለቱን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ካስገባኋቸው ማሽኑ እንደ አንድ ስም ይቆጥራቸዋል። አስቸጋሪው ኃላፊያችን ነበሩ። ወረቀቱ ከመታወቂያ ጋር ካልገጠመ ሴትየዋ የሱቅ ፈቃድ ሲጠይቁ ይመለሳሉ አሉ። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ለስክሪፕቱ አራተኛ ቃል ጨመርኩለት። ከተሰጠው፣ ከመታወቂያው ስም ሥር «የሚጠሩበት ስም» ብሎ ያትማል፤ ካልተሰጠው ዝም ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ግን ያልተሰጠውን ሁሉ እንደ ስህተት እየቆጠረ፣ ያልወለዱት ልጃገረዶች ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ እየቆመ አሳበደኝ። እሱን ሳስተካክል ወሬው ተሰማና እናቶቹ ሁሉ የልጆቻቸውን ስም ሊያስገቡ የቢሮዬ በር ላይ ተሰለፉ። አንዷማ የበኩሯ ስም ብቻ ሲገባ ታናሹ ይቀየመኛል ብላ ልትጣላኝ ነበር።

የምረቃው ቀን ኃላፊያችን ከየወረቀቱ ላይ እያነበቡ ጠሩ። እኚያ እናት ጋ ሲደርሱ የመታወቂያውን ስም አነበቡ፤ ትንሽ አመነቱና ከሥሩ ያለውንም ጨመሩ። ጎረቤቶቻቸው ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ የልጁን ስም ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ። እንዳስለቀስናቸው ገመትኩና የምገባበት ጠፋኝ።

ሴትየዋ ግን ወረቀታቸውን ሊቀበሉ አልተነሡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ኃላፊውን ቀና ብለው አዩና፣

«እንደገና ጥራ» አሉ።