ቆሞ የቀረው ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት አሰላ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ሁለት ተማሪዎች ስለ ዘይነባ አዲስ ልብ ወለድ ሲከራከሩ ሰማሁ። በዘይነባ መጽሐፎች ሁሉ አንድ ሽማግሌ መጥቶ በር ላይ ይቆማል፤ የቤቱ ባለቤት «ተቀመጥ» ይለዋል፤ ታሪኩም ይቀጥላል። በአዲሱ ግን ማንም ተቀመጥ ሳይለው መጽሐፉ ያልቃል። አንዱ ተማሪ «ሽማግሌው ሞት ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ ያለፈው ዘመን ነው» አለ። እኔ ሻዬን ፉት አልኩ። ያንን ሽማግሌ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ዘይነባና እኔ ጎረቤታሞች ነበርን፤ አሥረኛ ክፍልንም የጨረስነው አብረን ነው። አባቷ ጋሽ ከድር የገብስ ነጋዴ ነበሩ፤ ከንግዱ ይልቅ ግን ፈረስና ተረት ይወዱ ነበር። ጥሩ ተረት የሚያወራ ሰው ካገኙ ገበያው ይቅር የሚሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ክረምት ሁሩታ ላለው ወንድማቸው ቃል ሰጡ፤ ዘይነባ ትምህርቷን ትታ ሱቁን ልትይዝለት። ክፋት አልነበረባቸውም። ወንድማቸው ታሟል፣ ልጅ የለውም፤ ለእሳቸው ደግሞ አንዴ የተሰጠ ቃል አይመለስም።

በእኛ አገር አባትን ፊት ለፊት «አልሄድም» ማለት ነውር ነው። የከበደ ጉዳይ ያለበት ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹም ገብተው «ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም» ብለው ይቆማሉ፤ ባለቤቱ «ተቀመጡ» ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ግን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ በገዛ አባቷ ላይ ማንን ትልካለች?

ዘይነባ ተረት ላከች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ጋሽ ከድር ፊት በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ በሳህን ቀርቦ ሳለ «አባ፣ ተረት ጽፌያለሁ» አለችና ወረቀቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ድምፄ ይሰበራል ብላ ፈርታ ኖሯል። ቀደም ብላ ስታሳየኝ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አይቼው «ፍቅር የለው፣ ጠብ የለው፣ ይኼ ምኑ ተረት ነው?» ብዬ አላግጬባት ነበር።

ታሪኩ ስለ አንዲት የፈረስ ውርንጭላ ነው። ባለቤቷ ይወዳታል፤ ጎረቤት ስለለመነው ግን እህል ትጠብቅ ብሎ ጎተራ ደጃፍ ያስራታል። ጓደኞቿ ወደ ጭላሎ ሽቅብ ሲጋልቡ ኮቴያቸው ይሰማታል። አትራገጥም፣ መኖም እምቢ አትልም፤ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ ትቆማለች። እዚህ ላይ ወረቀቱ አለቀ። እኔም ነገሩ የገባኝ ጮክ ብዬ ሳነበው ነው፤ መጨረሻው ላይ የራሴ ድምፅ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ከድር ማላመጣቸውን አቆሙ።

«ፈረስ እህል ይጠብቃል እንዴ?»

«አይጠብቅም፣ አባ» አለች ዘይነባ።

«ታዲያ ገመዱን ለምን አትበጥስም?»

«ባለቤቷን ስለምትወደው።»

ጋሽ ከድር የጩኮውን ሳህን ገፋ አደረጉት።

«የባለቤቱ ስም ማነው?» አሉ ቆይተው።

«ስም አላወጣሁለትም።»

«ደግ አደረግሽ፣ ኢንታላ ኮ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ ኦሮምኛው ይቀድማቸው ነበር።

በማግስቱ በዚያ ሁሉ ጭቃ ሁሩታ ሄዱ። ወንድማቸውን ምን እንዳሉት ዛሬም አላውቅም፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ቃል ማጠፍ ቀላል እንዳልነበር ግን አውቃለሁ። ሲመለሱ ዘይነባና እኔ በረንዳ ላይ ባቄላ እንፈለፍላለን። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ከፊታችን ቆሙ።

«ዘይነባ፣ ያ የላክሽው ሽማግሌ ገና እንደቆመ ነው?»

ዘይነባ ባቄላውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው።

«በይ፣ ይቀመጥ።»

ባቄላውን በትና ተነሣችና ከነጭቃው ጉልበታቸውን ሳመች።

ብዙ ሰው ደራሲ ምስጢር የሚደብቀው ሰው እንዳያገኘው ይመስለዋል። ዘይነባ የደበቀችው አባቷ እንዳያፍሩ ነው። እሳቸውም ፈትተው ሲያበቁ አላጋለጧትም፤ በራሷ ቋንቋ መለሱላት። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አደንቃቸዋለሁ። እኔ ብሆን ኖሮ አኩርፌ ሁሩታ እወርድ ነበር።

ጋሽ ከድር አምና ክረምት አረፉ። ይህን ለተማሪዎቹ አልነገርኳቸውም፤ ትንሽ ይድከሙበት ብዬ ነው። ቤቴ ገብቼ ግን ለዘይነባ ደወልኩላት።

«መጽሐፍሽን ጨረስኩት፣ ዘይኑ። ሽማግሌው ቆሞ ቀረ?»

«ማን ያስቀምጠው?» አለችኝ።

እኔ ጋሽ ከድርን አልሆንም። ቢሆንም ድምፄን እንደ እሳቸው ጎርነን አድርጌ «በይ፣ ይቀመጥ» አልኳት፤ ሁለታችንም አለቀስን።