ጋሽ ላምቤቦ እህቴን ወደ ባንክ ሲሸኟት

ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ሾኔ ገበያ መሃል ባጃጅ በሩጫ ቀድሜያለሁ... ይህን ስጽፍ እግሬ አሁንም ያመኛል።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ወንድሜ ትንሽ ልንገራችሁ። ታሪኩ ይባላል። የጋሽ ላምቤቦ ሱቅ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር የሚሸጡበት ሱቅ። አንድ ቀን የዕለቱን ሽያጭ ባንክ ሊያስገባ ሲሄድ ሁለት ሰዎች በሞተር መጥተው ቦርሳውን ያዙ። አልለቅም አለ። ጎተቱት... ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሆሳዕና ወስደነው በሦስተኛው ቀን አጣነው። ስምንት ወር ሆነ። ሰዎቹ እስካሁን አልተያዙም።

ጋሽ ላምቤቦ መልካም ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በለቅሶው ጊዜ ከአጠገባችን አልተለዩም። ከዚያም «የታሪኩ ቦታ የእናንተ ነው» ብለው እህቴን ምሕረትን ቀጠሯት። እናቴ በፊታቸው አመሰገነች፣ ሲሄዱ ግን አለቀሰች። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ መምህሩ የሚለው አይሰማኝም። ምሕረት ባንክ የምትሄደው በዘጠኝ ነዋ።

ትናንት የፊዚክስ መምህራችን ስላልመጣ ቀደም ብለን ተለቀቅን። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩና ፊት ለፊት ካለው የእትዬ አስቴር ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ በፓስቲ አዘዝኩ።

ዘጠኝ ሊሆን ሲል ጋሽ ላምቤቦ ሠራተኞቹን ይዘው በር ላይ ወጡ። እጃቸውን ምሕረት ራስ ላይ ጫኑ። ለካ በየቀኑ የሚሸኟት እንዲህ ነው፤ አይቼው አላውቅም ነበር። ጋሽ ላምቤቦ ደግሞ ያለ ማይክ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው መጸለይ የለመዱ ናቸው።

«ጌታ ሆይ፣ ልጅህ ምሕረት የዛሬውን ገንዘብ ይዛ በድልድዩ በኩል ወደ ባንክ ስትሄድ አንተ በፊቷ ቅደም...»

ጸሎቱ ረዘም አለ። ሲያበቃ ሻይ ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔም አልኩ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

እትዬ አስቴር ሻይ እየቀዱ ዛሬ ሱቁ ጥሩ ሳይሸጥ አልቀረም አሉ። አንዱ ደንበኛ በምን አወቁ ቢላቸው፣ «ገንዘቡ ሲበዛ ጸሎቱ ይረዝማል» ብለው ሳቁ። ሰዉም ሳቀ።

እኔ ግን ፓስቲው አፌ ውስጥ ቀረ። ማን እንደምትሄድ... በየት እንደምትሄድ... በስንት ሰዓት... አሁን ደግሞ ብዙ መያዟ ጭምር።

ይሄኔ ጥግ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አንደኛው ምሕረት የተሳፈረችበትን ባጃጅ በዓይኑ ተከተለ። ሌላኛው ሞተር አስነሣ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በእህል ተራ አቋረጥኩ፣ የአንዲት ሴትዮ በርበሬ ረገጥኩ (ይቅርታ እናቴ)፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ ባጃጁ ገና እየመጣ ነው። መንገዱ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ሊሰድበኝ አፉን ሲከፍት ሞተሩም ከኋላው ደርሶ ቆመ።

ምሕረት ሰዎቹን ስታይ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘች። ልክ እንደ ታሪኩ።

«ልቀቂው» አልኳት። አልለቀቀችም። ታግዬ ከእጇ ነጠቅኩና ራሴው ለሰዎቹ ወረወርኩላቸው።

ቦርሳው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከዚያ ትልቁ ሰውዬ ከሞተሩ ወርዶ አነሣው፣ አቧራውን አራገፈ፣ በሁለት እጁ ለምሕረት መለሰላት።

«ምን ሆነሃል ልጄ?» አለኝ። «ጸሎቱን ሰምተን፣ ብቻዋን ከምትሄድ እንሸኛት ብለን እኮ ነው።»

ከዳምቦያ ቆርቆሮ ሊገዙ የመጡ አናጢዎች ናቸው። ባጃጅ ነጂው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ምሕረትም ሳቀች። እኔም ስቄ ስቄ... በኋላ እንባዬ አልቆም አለ። ትናንት የሰሙት ደጎች ነበሩ። ታሪኩ የሄደ ቀንስ ማን ሰምቶ ነበር?

አናጢዎቹ ባንኩ በር ድረስ ሸኙን። ከዚያ ወደ ሱቁ ተመለስን። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ «ጸሎትዎ ልክ አይደለም» እንዴት ይባላል? ሻይ ቤት ሆኜ የሰማሁትን ብቻ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። የእትዬ አስቴርን ነገር ሳይቀር።

ጋሽ ላምቤቦ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። «ታሪኩንም እንዲሁ ነበር የሸኘሁት» አሉ።

ስምንት ወር ሙሉ የምቆጣበት ሰው ስፈልግ ነበር። አሁን ፊቴ ተቀምጠዋል... መቆጣት ግን አልቻልኩም።

«ያኔ ማን እንደሰማ አናውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ምሕረትን ግን ከነገ ጀምሮ ማንም አይስማባት።»

ተነሥተው ያዘዙትን ብትሰሙ። ብቻዋን አትሄድም፣ በራሳቸው መኪና ከአንድ ሠራተኛ ጋር ነው። ሰዓቱም መንገዱም በየቀኑ ይለዋወጣል። ጸሎቱ በሩ ተዘግቶ ቢሮ ውስጥ፣ በለሆሳስ። ለምሕረትም ሰው ቦርሳውን ከያዘ ወዲያው እንድትለቅ ነገሯት፤ ብሩ ይሂድ፣ አንቺ ነይ አሏት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ምሕረትን በስንት ሰዓት ባንክ እንደሄደች ጠየቅኋት።

«ምን አገባህ?» አለችኝ።

ከታሪኩ በኋላ እንደዚህ ደስ ያለኝ መልስ ሰምቼ አላውቅም።