ሥዕል ያለበት ጥያቄ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ማየት ለተሳናት አንዲት ተማሪ አንባቢ ሆኜ ተመደብኩ። የማስተምረው አማርኛ ነው፤ የተመረጥኩትም ድምፄ ጎላ ስለሚል ይመስለኛል። ተማሪዋ ከቁይ አካባቢ መጥታ፣ ደብረ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

በዋዜማው የፈተና ጣቢያው ኃላፊ መመሪያውን አስረዳኝ። ለብቻዋ ክፍል ይሰጣታል፤ ተጨማሪ ሰዓት አላት፤ እኔ አነብላታለሁ፤ የመረጠችውንም መልስ መስጫው ላይ አጠቁርላታለሁ።

"ችሮታ አይደለም፤ መብቷ ነው" አለኝ። "አንተ ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነበው። ማብራራት ክልክል ነው።"

ቀላል ሥራ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ያለ ችግር አለፈ። አንዳንዱን ጥያቄ ሳልጨርሰው መልሱን ታውቀዋለች፤ ቢሆንም አራቱንም ምርጫ እስካነብላት ትጠብቃለች። ሒሳብ በማግስቱ ጠዋት ነበር። ግማሽ ያህል እንደሄድን "ከታች በሚታየው ሥዕል የኤክስ ርዝመት ስንት ነው?" ብዬ አነበብኩና ወደ ምርጫዎቹ አለፍኩ።

"ቆይ መምህር፣ ሥዕሉስ?" አለች።

"የተጻፈውን ብቻ ነው የማነበው።"

"እሱስ ገብቶኛል። ሥዕሉን ሳላውቅ ግን ምኑን ልሥራው?"

በሩ አጠገብ የተቀመጠው ፈታኝ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም የሚፈቀደውን አያውቅም፤ ወጥቶ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው መመሪያውን ገልጦ እንደ ቆመ አነበበ። ስለ ሥዕል የሚል ነገር አላገኘም።

"የምታየውን ንገራት፤ የምታውቀውን አትንገራት" አለኝና ሄደ።

ከሒሳብ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ያ አላስጨነቀኝም። "ሦስት ማዕዘን ነው። ከታች ስምንት ተጽፏል፤ በግራ በኩል ስድስት፤ ሰያፉ መስመር ላይ ኤክስ" አልኳት። በጣቷ ጠረጴዛው ላይ ሳለችው።

"ግራውና ታቹ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ትንሽ ካሬ አለች?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አለች። የኅትመት ስሕተት መስላኝ አልፌያት ነበር። "አለች" ስላት ወዲያው "እንግዲያው ዘጠና ዲግሪ ነው፤ አሥር የሚለውን ያጥቁሩልኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ሥዕል ያለባቸው አራት ጥያቄዎች መጡ። አንዱ በክብ ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚቆራረጡ መስመሮች ነበር። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ስነግራት ትስላለች፤ ተሳስቻለሁ ስላት በመዳፏ ጠረጴዛውን ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን። ተጨማሪውን ሰዓት የበላው የእኔ መንተባተብ ነው። የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች በጥድፊያ አነበብኩላት፤ እሷም ሳታስብ መለሰች።

ፈታኙን ጥቂት ደቂቃ እንዲጨምርልን ለመንኩት። "ተጨማሪው ሰዓት አልቋል" አለ።

"ይሁን መምህር፣ እርስዎም ደክመዋል" አለችኝ። በደሉ የደረሰባት እሷ ሆና እኔን ማጽናናቷ አሳፈረኝ።

የሪፖርት ቅጹ ላይ "ያጋጠመ ችግር" የሚል ቦታ ነበር። መጀመሪያ "የለም" ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ሰርዤ የሆነውን በሦስት መስመር አሰፈርኩ። መልስ አልመጣም። ተማሪዋ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ማለፏን ከአክስቷ ሰማሁ፤ የሒሳብ ውጤቷን ግን አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ተማሪ እንደገና ተመደብኩ። ያን ጊዜ ከፈተናው በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተቀመጥኩ። እኔ መጽሐፉን እያየሁ እነግረዋለሁ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይስላል። የመጀመሪያውን ሥዕል ሲያሳየኝ ጣሪያው የዘመመ ቤት ይመስል ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እንደገና አንድ ብለን ጀመርን።