ከባንኮክ በኋላ ያለው በረራ

ከሻሸመኔ የተነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የጉዞዬ ምክንያት የአውሮፕላን ትኬት ነበር። የኮሌጅ ጓደኛዬ ዘይነባ ጎባ ትኖራለች። ልጇ ሐያት ታይላንድ ውስጥ ፉኬት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሆቴል ሥራ አግኝታለች ተባለ። «አንቺ የጂኦግራፊ መምህርት ነሽ፤ የመሸኛው ዱዓ ሳይደረግ መጥተሽ ትኬቱን እዪልኝ» አለችኝ በስልክ።

እስከ ሮቤ

ዶዶላ ላይ ቁርስ በላን። ከአዳባ በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ይገባ ጀመር፤ ዲንሾ ስንደርስ ኒያላዎች ከመንገዱ ዳር ሳይሸሹ ይግጡ ነበር። ሮቤ መናኸሪያ የባጃጅ ሹፌሩ ለሻንጣዬ ሃምሳ ብር እንድጨምር ጠየቀኝ። ሻንጣው ትንሽ ነው ስለው፣ «ትንሽ ከሆነ ይታቀፉታ፣ እትዬ» አለኝ። እስከ ጎባ ታቀፍሁት።

ጎባ

ሐያት ትኬቱን በስልኳ አሳየችኝ። የመጀመሪያው በረራ ባንኮክ ያደርሳል። የሁለተኛው መድረሻ ግን ፉኬት ሳይሆን ሜሶት ይላል። በካርታ ለካሁ። ፉኬት ከባንኮክ ወደ ደቡብ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሜሶት ደግሞ በሰሜን ምዕራብ፣ አራት መቶ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ ወጣቶች በሥራ ስም እየተወሰዱ የሚታገቱበት የምያንማር ድንበር ላይ ናት።

ሥራውን ያመጣው የሮቤው ደላላ ከማል ለዱዓው ቀድሞ መጥቶ ነበር።

«ከባንኮክ በኋላ ስንት ሰዓት ትበራለች?» አልሁት።

«አንድ ሰዓት ከምናምን፣ መምህር።»

እውነቱን ነው፤ ወደ ሁለቱም ከተሞች የሚወስደው ጊዜ ከዚያ ብዙ አይለይም። መልሱ ወደ የትኛዋ እንደምትሄድ ስለማይገልጥ ይበልጥ አጠራጠረኝ።

«ፉኬት በደቡብ ሆና ሳለ ወደ ሰሜን ምን ይወስዳታል?»

«ርካሽ መስመር ነው። ከዚያ በመኪና ይወስዷታል።»

«አገሩን ከዳር እስከ ዳር?»

«መምህር ፈተና እየሰጡን ነው» ሲል ሐያት ሳቀች። ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ የጎረቤት ልጅም በእሱ በኩል እንደ ሄደች ነገረችኝ። «ደውላለች?» ስላት «ገና ነው» አለችና ወደ ልጇ ዞረች።

ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ተቀመጡ። በዚህ ቤት ልጅ ሲሸኝ፣ ወሳጁ በፊታቸው ቆሞ «አማና ተቀብያለሁ» ይላል፤ ለደኅንነቷ በአላህ ፊት እጠየቃለሁ ማለት ነው። ያለዚያ ዱዓው አይዘጋም።

«ተነሣ ልጄ፣ አማናህን ተቀበል» አሉት ታላቁ ሽማግሌ ሐጂ ኡስማን።

«ሐጂ፣ የሚወስዳት እኮ አውሮፕላን ነው።»

«አውሮፕላኑን ማን ጠየቀ?»

«እዚያ የሚቀበሏት ሰዎች አሉ።»

«እሺ፣ ስማቸውን ንገረን፤ ለእነሱም ዱዓ እናድርግ።»

ከማል ጫቱን ከእጁ አስቀመጠ። ለእኔ ጥያቄ ሁሉ መልስ ያላጣው ሰው ስም አልጠራም፤ «አማና ተቀብያለሁ» ማለትም አልቻለም። ሐያት ሳቋ ጠፋ።

«ፓስፖርቴን ስጠኝ» አለችው።

«ትኬቱ ይቃጠላል።»

«ይቃጠል» አለች ዘይነባ።

ፓስፖርቱን ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ጣለውና ወጣ።

መልስ

በማግስቱ ሐያት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሊነሣ ሲል፣ «እትዬ፣ እሺ ሌላ ሥራ የት አለ?» አለችኝ።

ክፍል ውስጥ ርቀትንና የጉዞ ሰዓትን ማስላት አስተምራለሁ። ጎባ ላይ ሁሉንም በትክክል ለካሁ፤ ልጅቱን ያስቀራት ግን ተረካቢዋ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው የሐጂ ጥያቄ ነው። ከእንግዲህ መንገደኛ ሲያማክረኝ እኔም ከዚያ እጀምራለሁ።

ሻሸመኔ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ሆቴል ላላት ለአንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወልሁ። ስለ ሐያት ነግሬያት ሠራተኛ ትፈልግ እንደ ሆነ ጠየቅኋት።

«ልጅቷ ምንዎ ናት?» አለችኝ።

«አማናዬ ናት» አልኋት።