የምትተነፍስ ማኅደር

መሪጌታ ታከለ ጅጋ ላይ አርባ ዓመት የቆዳ የመጽሐፍ ማኅደር ሰፍተዋል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ አይተዉም።

ልጃቸው ያምሮት ቡሬ መምህርት ናት። አንድ ቀን መዳፍ የምታህል፣ ሽፋን የሌላት ኮምፒውተር ይዛ መጣች።

“አባባ፣ ያለ ኢንተርኔት ለተማሪዎቼ በስልካቸው ትምህርት የምታድል ይቺ ናት። የሁለት ዓመት ልፋቴ ውስጧ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። በሳሙና ካርቶን ሳመላልሳት እንዳትሰበርብኝ ፈራሁ።”

መሪጌታ ልኳን በእንጨት ቀረጹ። የፍየል ቆዳ አርጥበው እንጨቱ ላይ ወጠሩ፤ ሲደርቅ ዳር ዳሩን በጠፍር ሰፉ፤ ክዳኑን በመስቀል ቅርጾች አስጌጡ። ለኤሌክትሪክ ገመዱ ብቻ፣ ያውም ቅር እያላቸው፣ ጠባብ በር ተዉ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያምሮት ኮምፒውተሯን ማኅደሩን አልብሳ ሰካቻት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሞቀ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ስልኳ ላይ የተከፈተው ትምህርትም ቀጥ አለ። ገመዱን ነቅላ ክዳኑን ስትከፍት እጇን ሰብሰብ አደረገች።

“ምነው?”

“ግላለች፣ አባባ። እሷ እኮ አየር ትፈልጋለች።”

“እኔ እንደ ዳዊት መጽሐፍ ቆጥሬያት!”

እስክትበርድ ጠበቁ። መሪጌታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያፍተለትሉ ጀመር። የልጃቸው ሁለት ዓመት በእነዚህ ጣቶች ጠፍቶ ቢሆንስ? ከንፈራቸው ሳይታወቃቸው ማንጎራጎር ያዘ።

ለልጄ ብሰፋ፣ ልጄን አስከፋኋት፣
ካቧራ ስጋርድ፣ ትንፋሽ ነሳኋት።

ያምሮት መልሳ ሰካች። አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። የመሪጌታ ልብ አብራ ጠፋች። ከዚያ እንደገና በራች፤ ትምህርቱም ስልኩ ላይ ተመለሰ።

ውጭ የሚኒባሱ ረዳት “ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው የቀረው!” ይላል። ያምሮት አባቷን ሳታይ እጇን ወደ ሳሙናው ካርቶን ሰደደች። ይኼ ከሁሉ ባሰባቸው።

“ማኅደሩን አምጪው።”

“ይቅር አባባ፣ እንዲህ አምሮ ተሠርቶ!”

“አምጪው አልኩሽ።”

ወስፌያቸውን አነሱ። አርባ ዓመት አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ ያልተወ እጅ የመጀመሪያውን ቀዳዳ በሳ። የክዳኑን መስቀሎች ጫፍ ጫፋቸውን፣ ከዚያም መካከላቸውን እየወጉ ዘለቁ። ጎንና ጎኑንም አልማሩም። ቆዳው ወደ ብርሃን ሲያዝ በከዋክብት የተሞላ መሰለ።

ያምሮት አልብሳ ሰካቻት። መሪጌታ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩ፤ ትኩሳት ያለበት ሕፃን ግንባር የሚዳስሱ ይመስሉ ነበር። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሚኒባሱ ሄደ።

“እንዴት ናት፣ አባባ?”

“ለብ ብላለች።”

“እንግዲያው እጅዎን ያንሱ፤ ምሳ ይቅመሱ።”

“ሌላ መኪና እስኪመጣልሽ ልያዛት” አሉ፤ እጃቸውን አላነሱም።